«አድ አድርጌሽ ዝም አልሽኝ»

የጓደኝነት ጥያቄ ሲመጣ ፌስቡክ የሚያቀርብልን ሁለት ምርጫ ነው፤ መቀበል ወይም መሰረዝ። ሁለቱም በአንድ ጣት ተነክተው የሚያልቁ ይመስላሉ፤ ግን አያልቁም። የሰረዝኩት ሰው የባለቤቴ አክስት ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ድሮ አብሮኝ ያስተማረ ባልደረባ፤ ወይም የዕድራችን ጸሐፊ። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ይቀዘቅዛል። ከዚያም ሰው በተሰበሰበበት፣ ምግብ እየተነሳ፣ «አድ አድርጌሽ ዝም አልሽኝ፤ ንቀሽኝ ነው?» ይላል። ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል? «ፌስቡክ ብዙም አልገባም» ብል፣ ትናንት ማታ የእህቴን ፎቶ ላይክ ማድረጌን አይቷል።

ስለዚህ እንቀበላለን። አንዱን ስንቀበል የእሱ ወንድም ይመጣል፣ የወንድሙ ሚስት ትመጣለች፣ ከዚያ የማን ወገን እንደሆነ የማናውቀው ሰው «የጋራ ጓደኞች አሏችሁ» ተብሎ ይመጣል። በዚህ ዓይነት በሞላ ገጽ ላይ ነው እንግዲህ የልጃችንን ልደት፣ የእናታችንን ሕመም፣ አዲስ የገባንበትን ቤት የምንለጥፈው። ለጥፈን ስናበቃ «ማን ማን አየው?» እያልን እንሳቀቃለን።

የሚያደክመኝ የሴቲንጉ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ እጨርሰው ነበር። እነዚህ መተግበሪያዎች «ማን ይይሽ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብቻዋን ወስና ለማንም ምክንያት የማትሰጥ ሰው እያነጋገሩ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደለሁም፤ የማውቃቸው ሰዎችም አይደሉም። እኛ ዘንድ ሰውን ከገጽ ማስወጣት ሽማግሌ እስከማስላክ ይደርሳል። የምዘጋው እኔ፣ ለምን ዘጋሽ ስባል የማስረዳው እኔ፣ የዘጋሁት በሌላ ሰው እጅ ሲከፈት የምጎዳውም እኔ። ኩባንያው ግን ምርጫውን ሰጥቶኛልና ከደሙ ንጹሕ ነኝ ይላል።

ምርጫውም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ፌስቡክ ላይ የጓደኝነት ጥያቄውን ሳልቀበልም ሳልሰርዝም እንዲሁ ባስቀምጠው (አብዛኞቻችን ይሉኝታ ይዞን የምናደርገው ይህንኑ ነው) ተከታይነትን ለሁሉም ክፍት ካደረግኩ ያ ሰው ተከታዬ ሆኖ ይቀራል፤ ለሁሉም ክፍት ያደረግኩትንም ያያል። ስማችን፣ የፕሮፋይል ፎቷችንና የሽፋን ፎቶው ምንም ብናደርግ ለማንም የሚታዩ ናቸው። ኢንስታግራም ላይ ገጹን ፕራይቬት ሳደርገው ቀድሞ የገባው ሁሉ እንደገባ ይቀመጣል፤ አንድ በአንድ እየፈለጉ ማስወጣት ነው። ፌስቡክ የድሮ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ የሚያደርግ ቁልፍ አለው፤ ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ ብዙ አልገጠመኝም። እ.ኤ.አ. እስከ 2014 ድረስ አዲስ አካውንት የሚከፍት ሰው ካልቀየረው በቀር የሚጽፈው ሁሉ ለዓለም ክፍት ሆኖ ነበር የሚጀምረው። በኢንተርኔት ካፌ ወረፋ ጠብቀን፣ በደቂቃ እየከፈልን አካውንት ያወጣን ሰዎች ያኔ የጻፍነው የልጅነት ቁጣ፣ ያኔ የለጠፍነው ፎቶ፣ ካላነሳነው ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ለቅጥር የሚያመለክት ልጅ ዛሬ በዚያ ይመዘናል።

የፕሮፋይል ሎክ ሲመጣ ብዙ ሴቶች እፎይ ብለው ነበር። ገጹ ሲቆለፍ ጓደኛ ያልሆነ ሰው ፎቶውን አሳድጎ ማየትም ማውረድም አይችልም። የሴትን ፎቶ አውርዶ በስሟ ሌላ አካውንት መክፈት፣ በዚያ አካውንት ከዘመዶቿ ብር መለመን ወይም ከማታውቃቸው ወንዶች ጋር ማውራት በተለመደበት ሁኔታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን መቆለፉ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸው። አንዲት ሴት ኮሜንት ጽፋ ሐሳቧ ካልተወደደ የመጀመሪያው መልስ «መጀመሪያ ፕሮፋይልሽን ክፈቺ፣ አንቺ ፌክ» ነው። የተናገረችው ነገር እውነት ይሁን ውሸት የሚመረምር የለም። እጮኛዋም «ምን ደብቀሽ ነው የቆለፍሽው?» ይላታል። ክፍት ብታደርገው ደግሞ ፎቶዋ ተወስዶ መጫወቻ ሲሆን «ማን ለጥፊ አለሽ?» ትባላለች። እባካችሁ ከሁለቱ የቱን ታድርግ? ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የሚመልስልኝ ሰው አጥቻለሁ። ሴት ልጅ ፎቶዋን ለማንም ማሳየት አለመፈለጓ ምክንያት የሚያስፈልገው ነገር ሊሆን አይገባም ነበር።

የራሴን ገጽ በሚገባ ዘጋሁት እንበል። ሌላ ሰው ያነሳኝን ፎቶ ምን ላድርገው? ታግ የተደረግኩበት ነገር በገጼ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፈቃዴን እንዲጠይቅ ማድረግ እችላለሁ፤ አድርጌያለሁም። ይህ የሚከለክለው ግን በእኔ ገጽ ላይ መታየቱን ብቻ ነው። በለጣፊው ገጽ ላይ ፎቶው ከነስሜ ተቀምጧል፤ የእሱ ሰዎች ሁሉ ያዩታል። አንሳልኝ ብዬ ስለምን «ምን ነውር አለበት? አምሮብሻል እኮ!» ይለኛል። አምሮብኝ ይሆናል፤ ያልኩት ግን አንሳልኝ ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የለቅሶው ነው። መርዶ ወግ አለው። ሰው የሞተበት ሰው በሥራ ቦታ ወይም በመንገድ ላይ ድንገት አይነገረውም። ዘመድ ይመካከራል፤ ማን ይንገረው ይባላል፤ ሊነጋጋ ሲል ቅርብ ሰዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። የልብ ሕመምተኛ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ካለች፣ በሌላ መንገድ ይዘገያል፤ መጀመሪያ «ታሟል» ይባላል፣ ከዚያ «ጠንቶበታል» ይባላል። ውጭ አገር ያለ ሰው ብቻውን እንዳይሰማም ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ወይም ፍራንክፈርት ያሉ የአገር ልጆች ይደወልላቸዋል፤ ተሰባስበው ቤቱ ይሄዳሉ፤ ቡናም ምግብም ይዘው ይገባሉ፤ ያድራሉ። ይህን ያቆዩልን ሰዎች ሐዘን ሰውን እንደሚገድል ያውቁ ነበር።

አሁን አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ አንድ የሩቅ ዘመድ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል። ልጆቹን በሙሉ ታግ ያደርጋል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እየተባለ ይደረደራል። ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ስልኳን የምታገኘው ማታ ሥራ ስትጨርስ ነው፤ የአባቷን ሞት ከኮሜንት ታነባለች። አጠገቧ የሚይዛት ሰው የለም፤ ጮኻ ማልቀስ አትችልም፤ ጠዋት ተነስታ ልብስ ታጥባለች። እንዲህ የተረዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከዓመታት በኋላም የሚያነሱት ሞቱን ብቻ ሳይሆን የሰሙበትን መንገድ ነው። ለጣፊውን ስትጠይቁት «አዝኜ ነው» ይላል። አዝኖ ይሆናል። ቤተሰቡን ደውሎ «ልጆቹ ሰምተዋል ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

በዚህም አያበቃም፤ ቀብር ላይ ስልክ ይነሳል። ደረቷን የምትመታ እናት፣ ነጠላዋ የወደቀባት፣ ፊቷ በእንባ የታጠበ ሴት በቀጥታ ለማናውቀው ሕዝብ ትተላለፋለች። ታማሚ ጠይቆ የሚወጣ ሰው ታማሚውን ከነቱቦው፣ ከነሆስፒታል ጋውኑ አንስቶ «እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ» ብሎ ይለጥፋል። ታማሚው ለመሥሪያ ቤቱ ሕመሙን ሳይናገር፣ ለእናቱ እንኳ ሳይናገር ሊሆን ይችላል። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ሆኖ ከደጅ አይወጣም ነበር።

ስልክ ቁጥር ደግሞ ሌላ ድካም አለው። ቁጥሬን ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለላዳ ሾፌር፣ ለልጄ አስጠኚ፣ አትክልት ለምትሸጥልኝ ሴት ሰጥቻለሁ። የሰጠሁት ለሥራ ነው። እነሱ ቁጥሬን መዝግበው መተግበሪያው የስልክ ማውጫቸውን እንዲያይ ሲፈቅዱለት ግን ፌስቡክ እኔን ለእነሱ፣ እነሱንም ለእኔ «ታውቃቸው ይሆናል» ብሎ ያቀርባል። ቴሌግራም የጀመርኩ ቀን ቁጥሬ ስልካቸው ላይ ላለ ሰዎች ሁሉ መጀመሬ ተነገረ፤ ከዓመታት በፊት ቤት ያሳየኝ ደላላ ሰላም ሊለኝ ጻፈ። እኔ ማውጫዬን ለማንም ባልሰጥ እንኳ የሌሎች ሰዎች ማውጫ ውስጥ ስላለሁ ተሰጥቻለሁ። ይህን የምዘጋበት ሴቲንግ የእኔ ስልክ ላይ የለም።

ጉዳቱ ደግሞ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 ከ106 አገሮች የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ፣ ስልክ ቁጥራቸው ጭምር፣ ለማንም በነጻ ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። መረጃው የተለቀመው ሰዎች ከስልክ ማውጫቸው ጓደኛ እንዲያገኙ ተብሎ በተሠራው መሣሪያ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን የፌስቡክን ባለቤት ሜታን 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ቅጣቱ ተገቢ ነው፤ ቁጥራቸው የወጣባቸው ሰዎች ግን ቁጥራቸው እንደወጣ ቀርቷል። ቁጥር ቀይሩ እንዳይባል፣ በዚያው ቁጥር ነው ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም የተያያዘው።

ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳልጠየቅ ገብቼ አድራለሁ። በቀን ይህን ያህል ታተርፋላችሁ የሚል ግሩፕ፣ የኮንዶሚኒየም ሽያጭ ግሩፕ፣ የማላውቀው ሰው የሠርግ ኮሚቴ ግሩፕ። ማን ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን በኮንታክቴ ላሉ ሰዎች ብቻ አድርጌዋለሁ፤ የማያውቁኝ ቀሩ። የሚያውቁኝ ግን አሉ። ከዘመድ ግሩፕ ስወጣ መውጣቴ ለሁሉም ተጽፎ ይታያል፤ ከመውጣቴ ስልክ ይደወላል፤ «ማን አስቀየመሽ?» እባላለሁ። ማንም አላስቀየመኝም። ሌሊት ስድስት ሰዓት የሚላክ «መልካም አዳር» ከእንቅልፌ እየቀሰቀሰኝ ነው እንጂ። ድምፁን ዝም አስብዬ እቀመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቁም ነገሩ ያመልጠኛል፤ «ለቅሶ መሆኑን ግሩፑ ላይ ጽፈን አልነበር?» ይሉኛል።

የተሰረቀ አካውንት ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፤ ይህ ያልደረሰበት ቤት ጥቂት ነው። የአጎታችን ልጅ «እህቴ፣ በስህተት አንቺ ጋር ኮድ ልኬ ነበር፣ መልሺልኝ» ብሎ ይጽፋል። የሚጽፈው እሱ አይደለም፤ አካውንቱን የወሰደው ሰው ነው። ኮዱን የሰጠች ሰው ቴሌግራሟን ታጣለች፤ ከዚያ በእሷ ስም «ለዛሬ ብቻ አበድሩኝ» እየተባለ ለኮንታክቷ ሁሉ ይሄዳል። ሌቦቹ የሚጠቀሙት መተማመናችንን ነው፤ ዘመድ ሲቸግረው ጥያቄ ሳናበዛ እንደምንሰጥ ያውቃሉ። የሁለተኛ ደረጃ የይለፍ ቃል ቢኖር አብዛኛው ይህ ስርቆት ባልተሳካ ነበር። ቴሌግራም ይህ መከላከያ አለው፤ ግን ራሳችን ፈልገን ካላበራነው ጠፍቶ ነው የሚቀመጠው። ለእናቶቻችን ማን ያብራላቸው? የልጅ ልጅ ቤት እስኪመጣ ይጠበቃል።

አስተማሪ ነኝ፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ ይፈልጉኛል፣ ወላጆች ይፈልጉኛል፣ አለቆቼም ይፈልጉኛል። እሑድ ከእህቶቼ ጋር የጨፈርኩበት ቪዲዮ ሰኞ ክፍል ውስጥ ይጠብቀኛል። ከዚህ የሚከብደው የዝምታው ነገር ነው። አገር ውስጥ አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ማን ጻፈ፣ ማን አልጻፈም፣ ማን ፕሮፋይሉን ጥቁር አደረገ ተብሎ ይቆጠራል። የጻፈ ወገን ለየ ይባላል። ያልጻፈ ደግሞ «እኛ ስንሞት ዝም አለች» ይባላል። ፌስቡክ የከፈትኩት ውጭ አገር ካሉ ወንድሞቼ ጋር ልገናኝ ብዬ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ ጉዳይ መግለጫ እሰጣለሁ ብዬ ለማንም አልፈረምኩም።

ተከታይ መብዛቱን ሰው እንደ ሀብት ያየዋል። ሸክም መሆኑን ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በግልጽ ጽፎታል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር። ብዙ ሰው የሚሰማው ሰው ይጠንቀቅ መባሉን አልቃወምም። ግን በአንድ የተስፋፋ ቪዲዮ ምክንያት በሳምንት ውስጥ ያልጠራቻቸው ሰዎች የወረሯት ልጅ፣ ገጿ በሕግ ዓይን ከጋዜጣ ጋር እንደተሰለፈ ማን ነገራት? መተግበሪያው የነገራት «እንኳን ደስ ያለሽ» ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪነቱም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ከደነገገ ደግሞ ስንት ዘመኑ። አዋጁ በመውጣቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ የሰውን መረጃ ለመጠቀም ፈቃዱ ከመሠረቶቹ አንዱ መሆኑ በጽሑፍ ሰፍሯል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየክሊኒኩ፣ በየትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ፎቶ የሚለጥፉት ሠራተኞች ግን አዋጁን ሰምተውት የሚያውቁ አይመስለኝም።

የልጆቹ ጉዳይ ከሁሉም ይቅደም እላለሁ። የመዋዕለ ሕፃናት ምረቃ ሲደርስ ትምህርት ቤቶች የእያንዳንዱን ሕፃን ፎቶ በጥቁር ካባ ያነሳሉ፤ ከነሙሉ ስሙ፣ ከነክፍሉ፣ ከነትምህርት ቤቱ ስም ለሁሉም በተከፈተ ገጽ ይለጥፋሉ። ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲሆን ማንኛውም የማያውቀው ሰው በር ላይ ቆሞ ልጁን በስሙ ሊጠራው ይችላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ ስሙን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዘመድ ይመስለዋል። የእኔ ልጅ ፎቶ በዚህ ዓይነት ሲወጣ እንዲነሳ በስልክ ጠየቅኩ፤ «ሌሎቹ ወላጆች እኮ ደስ ብሏቸው ሼር እያደረጉ ነው» ተባልኩ። በደብዳቤ ጠየቅኩ፤ ገጹን የሚያስተዳድረው ልጅ ሥራ ለቋል፣ የይለፍ ቃሉም እሱ ጋር ነው ተባልኩ። የብዙ ሕፃናት ፎቶ የተቀመጠበት ገጽ ቁልፍ ከትምህርት ቤቱ በወጣ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። ይህን የሰማ ሌላ ወላጅ ሲደነግጥ አላየሁም፤ እኔ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

መስከረም ላይ የምንሞላው የምዝገባ ቅጽ የደም ዓይነት ይጠይቃል፣ የአሳዳጊ ሥራ ይጠይቃል፣ የቅርብ ተጠሪ ስልክ ይጠይቃል። «የልጅዎን ፎቶ በገጻችን እንድናወጣ ይፈቅዳሉ?» የሚል አንድ መስመር፣ ከጎኑ አዎና አይደለም የሚል ሁለት ሳጥን ይጨመርልን ብዬ ለወላጅ ኮሚቴው አመልክቻለሁ። ቅጹ ለዚህ ዓመት ታትሞ አልቋል ብለውኛል።